ለአለማያ ልጆች፣ እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! መልካም እንቁጣጣሽ!

ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው እየተቆላ ነው፣ የሰፈሩ ልጃገረዶችም አደይ አበባቸውን ይዘው መጥተው ጨፍረው ሄዱ። እኔ ስልኬን ይዤ ጥግ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ከጠዋት ጀምሮ የኮሌጅ ጓደኞቼ መልእክት ይገባል፤ አንዱ ከናይሮቢ፣ አንዱ ከሚኒሶታ፣ አንዷ ከሐዋሳ። ሁላችንም እርሻ የተማርነው አለማያ ነው። ስሙ ሀሮማያ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ቆየ፣ የኛ አፍ ግን አለማያ ብሎ ቀርቷል።

በዓል በመጣ ቁጥር የምንኮራባቸው ሰዎች አሉን። ልንኮራም ይገባል። የማሽላ ተመራማሪውን ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታን ውሰዱ። የወሎንኮሚ ልጅ ናቸው፣ ምዕራብ ሸዋ። ትምህርት ፍለጋ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው ሳምንቱን እዚያው ይከርሙና ቅዳሜና እሑድን ወደ እናታቸው ይመለሱ ነበር። ከጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ወደ አለማያ መጡ፣ በ1973 ተመረቁ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ጨርሰው ሱዳን ገቡ፤ እዚያ ያወጡት ድርቅ የሚችል ድቅል ማሽላ፣ ሐጊን ዱራ አንድ፣ በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ። ከዚያ አቀንጭራ ላይ ዘመቱ።

አቀንጭራን ለማታውቁ የከተማ ልጆች፦ የማሽላ ጥገኛ አረም ነው፣ አበባው ያምራል። ጉዳቱን የሚሠራው ግን ከመሬት በታች ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፣ የማሽላ ሥር የሚያወጣው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ብቻ ይነቃል፣ ነቅቶም ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይጠባዋል። ገበሬው ማሽላው መጠውለጉን ሲያይ ጊዜው አልፏል። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ያንን የሚቀሰቅሰውን ነገር በጣም ጥቂት ብቻ የሚያወጣ ማሽላ ለይተው አዳቀሉ። አቀንጭራው እንደተኛ ይቀራል።

በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀበሉ። እኔ ግን ሁሌ ልቤ የሚቀረው 1994 ላይ ነው። በዚያ ዓመት የዚህን ማሽላ 8 ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች እንዲደርስ አደረጉ፣ ኢትዮጵያም አለችበት። የምርምር ጽሑፋቸው ታትሞ አልቋል፣ ስማቸው ታውቋል፣ እዚያ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር። ዘሩን ተከትለው ሄዱ። መሪነት የምለው ይሄንን ነው።

ዶክተር ሰገነት ቀለሙም እንዲሁ ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው አለማያ ተማሩ፤ በዚያ ዘመን ለገጠር ሴት ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናቶቻችንን ጠይቁ። ኮሎምቢያ ውስጥ 15 ዓመት የመኖ ሣር በሽታ ላይ ሠሩ፣ ኋላም ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ለ10 ዓመት መሩ።

አንድ ነገር ግን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያብሰለስለኛል። ኮሌጃችን በ1952 ከአሜሪካው የኦክላሆማ እርሻ ኮሌጅ ሰዎች ጋር ሲመሠረት (መጀመሪያ ጅማ ላይ ነበር፣ ወደ አለማያ የተዛወረው በ1956 ነው) ሥራው ሦስት ነበር፤ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውን ወስዶ ለገበሬ ማድረስ። ሦስቱም በአንድ ቤት ነበሩ። በ1963 ሦስተኛው ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሄደ። ምክንያት ይኖረዋል፣ አልከራከርም። ከዚያ በኋላ ግን አስተማሪውና ተመራማሪው ወዲህ፣ ገበሬው ወዲያ ሆኑ፤ ድልድዩ ደግሞ በየወረዳውና በየቀበሌው የተመደቡት ልጆቻችን ናቸው። በበዓል ፎቶ ላይ የማናያቸው።

ከነሱ አንዱን ላስተዋውቃችሁ። የዶርም ጓደኛዬ ነው። በ2010 ስንዴ ላይ ቢጫ ዋግ የሚባለው የቅጠል በሽታ የወረደ ጊዜ አርሲ ውስጥ የወረዳ ባለሙያ ነበር። ልጠይቀው ሄጄ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ማሳ ይዞኝ ወጣ። አንዲት ቅጠል በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ሳብ አደረጋት። ጣቱ እርድ የነካ መሰለ። ቅጠሉ ላይ ብናኙ መስመር ሠርቶ ተደርድሯል፣ በስፌት መኪና የተሰፋ ነው የሚመስለው። ከማሳው ስንወጣ ሱሪያችን ከጉልበት በታች ቢጫ ሆኖ ነበር።

የስንዴው ዝርያ ኩብሳ ነው፣ ገበሬው ለዓመታት የወደደው። የማሳው ባለቤት ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «ልጄ፣ ምን ይሻለኛል?» አሉት። ቶሎ አልመለሰላቸውም። ቁጭ ብሎ ሌላ ቅጠል አየ፣ ሌላም አየ። ከዚያ «አባባ፣ የዘንድሮው እንግዲህ የተረፈው ይትረፍ። ለከርሞ ይሄን እንዳይዘሩ። ሌላ ዘር ፈልጌ አመጣልዎታለሁ» አላቸው።

አመጣም። ካካባና ዳንድአ የሚባሉት ዋግ የሚቋቋሙ ዝርያዎች በዚያው ዓመት ነው የተለቀቁት፣ ዘራቸው ግን እንደ ወርቅ ነበር። ደጅ ጠንቶ ጥቂት ኩንታል አገኘና ለጥቂት ገበሬዎች አከፋፈለ፤ ውሉ በቃል ነው፣ «ስትወቁ የወሰዳችሁትን ያህል ለጎረቤት ትሰጣላችሁ»። ሽማግሌው የመጀመሪያው ተቀባይ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ማን ከማን እንደወሰደ መቁጠር አቃተኝ ብሎ በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ይህ ሰው ሜዳሊያ የለውም። አንዳንዴ ከሙያው ውጭ ያሰማሩታል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሰብስብ ይሉታል። የቀበሌዎቹ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ደግሞ ከሱም ይብሳሉ፤ አንድ ክፍል ቤት፣ ትንሽ ደመወዝ፣ ብዙ አለቃ። ጥሩ ጥሩዎቹ እየለቀቁ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ይሄ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ለዚህ በዓል አንድ ልመና አለኝ። ናይሮቢ ያለኸው፣ ሚኒሶታ ያለኸው፣ ሐዋሳ የምታስተምሪው፣ እያንዳንዳችሁ አንድ የወረዳ ወይም የቀበሌ ባለሙያ ያዙ። ስልኩን መዝግቡ። የታመመ ቅጠል ፎቶ ሲልክላችሁ በዚያው ቀን መልሱለት፤ ዋግ እስከ ሳምንት አይጠብቅም። አዲስ ጽሑፍ ስታነቡ በሁለት አንቀጽ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ አድርጋችሁ ላኩለት። ሴቶቹን ባለሙያዎች ደግሞ አስቀድሙ፤ ብቻቸውን በየመንደሩ የሚዞሩ ናቸው፣ የሚያማክራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ጻፉልኝ፣ እኔ አገናኛችኋለሁ።

የዶርም ጓደኛዬ ዛሬ ጠዋት መልእክት አልላከም። መስከረም ነው፣ ስንዴው እያዘረዘረ ነው፣ በዓል ቢሆንም ማሳ ሳያይ አይውልም። ወደ ማታ ዶሮውን ሲበላ እደውልለታለሁ። ከእናንተም ሰላምታ አደርስላችኋለሁ።