ሁሉም እግሩ ወደ በር ሲሆን

የመጨረሻው ጋውዝ ተቆጥሮ ቁጥሩ ልክ ሲመጣ ኦፕሬሽን ክፍሉ ውስጥ የምትሰማ አንዲት እፎይታ አለች። ከእሷ በኋላ ሁሉም እግሩ ወደ በር ነው። ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ኖት ሊጽፍ ይወጣል፣ ሰመመን የሚሰጠው አንስቴቲስት በሽተኛውን ይዞ ወደ ሪከቨሪ (የማገገሚያ ክፍል) ይሄዳል፣ መሣሪያ የምታቀብለው ስክራብ ነርስ መሣሪያዋን ሰብስባ ወደ እጥበት ታመራለች። ዲብሪፊንግ (በኦፕሬሽኑ መጨረሻ ቡድኑ ስለ ሥራው የሚያደርገው አጭር ውይይት) የሚቀረው ሰው ስለሚጠላው አይመስለኝም፤ ሰው ከተበተነ በኋላ ስለሚታሰብ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት (የማረጋገጫ ዝርዝር) በሽተኛው ከክፍሉ ሳይወጣ በቃል የሚረጋገጡ ነጥቦች አሉት፦ የተሠራው ኦፕሬሽን ስም፣ የመሣሪያ፣ የጋውዝና የመርፌ ቆጠራ፣ የናሙናው መለያ፣ የተበላሸ ዕቃ፣ ሪከቨሪ ላይ የሚያሰጋው ነገር። የናሙናው ስም የሚለጠፈው በዕቃው ጎን ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ አይደለም፤ ክዳን ይለዋወጣል። ይህ ሁሉ ግን ስለ በሽተኛው ነው። ስለ ቡድኑ የሚወራበትን ዲብሪፊንግ በእንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010 የቀዶ ሕክምና ደኅንነት አምስተኛ ደረጃ አድርገው ጨምረውታል።

ለተራ ኬዝ የሚሻለው ሰዓት ቆጠራው አልቆ ቆዳ ሲሰፋ ነው፤ ሰመመኑ መቀነስ ሳይጀምር። ከዚያ ካለፈ አይሆንም። በሽተኛው ሲነቃና ቱቦው ሲወጣ የአንስቴቲስቱ ጆሮ ሌላ ወሬ ላይ መሆን የለበትም፤ ለነቃው በሽተኛም የእኛ ወሬ አይጠቅመውም። (በወገብ ማደንዘዣ ለሚሠራ ኬዝ ከመጀመሪያውም ሰሚ አለና ወሬው ውጭ ይቆይ።)

«ችግር ነበር?» ተብሎ ከተጠየቀ መልሱ «የለም» ነው፣ አለቀ። «ነገ ይህንኑ ብንሠራ ምን ቀድሞ ይዘጋጅ?» ቢባል ግን ሰው አፉን ይከፍታል። ንግግሩ በደረጃ ዝቅ ካለው ሰው ይጀምር፤ ሲኒየሩ ቀድሞ «ጥሩ ሄዷል» ካለ ሌላው ምን ይላል? ለምሳሌ ዳያተርሚን (በኤሌክትሪክ ሥጋ የሚቆርጠውንና ደም የሚያቆመውን መሣሪያ) እንውሰድ። ሥጋው አልቃጠል ሲል «ጨምሪው» ይባላል፣ ዋቱ ከ30 ወደ 40 ይወጣል። መጀመሪያ መታየት የነበረበት ግን በሽተኛው ታፋ ላይ የተለጠፈው፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መሣሪያው የሚመልሰው ፕሌት ነው፤ ጠርዙ ከተላቀቀ የኤሌክትሪክ ጅረቱ በተረፈችው ትንሽ ቦታ ብቻ ይወጣና ቆዳውን ሊያቃጥል ይችላል። ገመዱም መፈተሽ አለበት። በክፍሉ እየተዘዋወረች ዕቃ የምታቀርበው ሰርኩሌቲንግ ነርስ ይህንን ታውቃለች። «ዶክተር፣ የዳያተርሚው ፔዳል እኮ ጠዋትም ይቆራረጥ ነበር» የምትለው ግን ተራ ከተሰጣት ብቻ ነው።

የተባለው ነገር ደብተር ላይ ካልሰፈረ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ማንም አይናገርም። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ ነገሩ፣ ማን ያዘው፣ እስከ መቼ። የበሽተኛ ስምም የጥፋተኛ ስምም አይጻፍም። የማግስቱ ጠዋት ብሪፊንግ (ከሥራ በፊት የሚደረገው ውይይት) የሚጀምረው በመልሱ ነው፤ «አልተገኘም» እንኳ ቢሆን ይነገር። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ሰው የሚደክመው በሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን ያንኑ የተሰበረ ፔዳል አራት ጊዜ አመልክቶ ሰሚ በማጣትም ነው።

በሽተኛ ኦፕሬሽን ጠረጴዛ ላይ ሲሞት ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ተቀምጦ፣ በር ተዘግቶ፣ ከ10 ደቂቃ ሳያልፍ ይሁን። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተሰማህ?» አይደለም፤ «ለሚቀጥለው ኬዝ መቆም የሚችለው ማነው?» ነው። ውኃ መቼ ጠጣህ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል ወይ፣ የሚተካሽ አለ ወይ። ከዚያ የሆነው በቅደም ተከተል ይነገር፤ ስንት ሰዓት ላይ ደም ተጠራ፣ መቼ ደረሰ። ማን አጠፋ የሚለው እዚህ አይነሳም፤ የራሱ ስብሰባ አለው።

ስሜትን በግድ ማስወጣት የሚወዱ አሉ፤ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ከአሰቃቂ አጋጣሚ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ የሥነ ልቦና ዲብሪፊንግ ፒቲኤስዲን (ከአሰቃቂ አጋጣሚ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) እንደሚከላከል ማስረጃ አላገኘም፤ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችልም ጠቁሟል። ዝም ያለ ሰው ዝም ይበል። የሚጠቅመው በማግስቱ የሚደውል አንድ ባልደረባ ነው፤ ከሳምንት በኋላም እንደገና። አልበርት ዉ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 «ሁለተኛው ተጎጂ» ያሉት ሰው (በሽተኛው ላይ በደረሰው ነገር ራሱ የሚጎዳው የጤና ባለሙያ) ምልክቱ ቶሎ አይታይም፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ያንኑ ቅጽበት መላልሶ ማየት፣ ተመሳሳይ ኬዝ ሲመጣ ተራ መቀያየር። መርሐ ግብር የሚያወጣው ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ቀድሞ ያያታል።

የጽዳት ሠራተኛዋስ? ሁሉም ከወጣ በኋላ ብቻዋን ገብታ ያንን ደም የምታጥበው እሷ ናት፤ ምን እንደተፈጠረ የሚነግራት የለም። ውይይቱ ሲጠራ እሷም ትጠራ፤ ባልዲው አምስት ደቂቃ ይጠብቃታል።