ሐምሌ 19 በሞሃቬ በረሃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። አምላከ ቅዱስ ገብርኤል ለእናቴ ያደረገላትን ልመስክር።

ዕለቱ ዓርብ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም ነበር፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 26፣ 2024። ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ እየሄድን ነው። የእህቴ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ በማግስቱ ክርስትና ትነሣለች። እማዬ ከአዲስ አበባ የመጣችው ለዚሁ ነው። ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። መድኃኒቷን በረዶ በሞላ ሳጥን ይዘናል።

ከባርስቶው ከተማ በኋላ ግራ ቀኙ በረሃ ነው። ጥላ የሚባል ነገር የለም። ወደፊት ቤከር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ በፈረንጆቹ 1913 በሞት ሸለቆ (ዴዝ ቫሊ) ለተመዘገበው 134 ፋራናይት (57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ) ማስታወሻ የሚሆን ግዙፍ ቴርሞሜትር ያቆመች። ያን ቀን ግን ቤከር አጠገብ የሊቲየም ባትሪ የጫነ መኪና ተገልብጦ በእሳት ተያያዘ። እንዲህ ያለ እሳት ቶሎ አይጠፋም፤ ጭሱም መርዝ ነው። ወደ ቬጋስ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ከፊታችን መኪና፣ ከኋላችን መኪና። ውጪው ከ40 ዲግሪ በላይ።

ሰዓቱ እየገፋ ሄደ። ኤሲው ነዳጁን ይበላል፤ ስናጠፋው ደግሞ መኪናው እቶን ይሆናል። ሳጥኑን ስከፍት በረዶው ሟምቷል፣ ውሃውም ለብ ብሏል። ኢንሱሊን ሙቀት ከበዛበት ኃይሉን ያጣል። እማዬ መጀመሪያ ላይ ትጫወት ነበር። ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲጣሉ መልአኩ እንዴት እንዳበረደላቸው ትተርክልኝ ነበር፤ የዕለቱ በዓል ነው። ከዚያ ዝም አለች። እጇን ስይዘው ደረቅ ነው፣ ይፋጃል። ላብ የሚባል የለም። ትንሽ ቆይታ በሞተው ወንድሟ ስም ጠራችኝ። "ከብቶቹን ውሃ አጠጣሃቸው?" አለችኝ።

አምቡላንስ ጠራሁ። መንገዱ ዝግ ስለሆነ ይቆያል ተባልኩ። ነጠላዋን በቀረችን ውሃ ነክሬ አንገቷ ላይ ጣል አደረግኩላት። ከመኪናው ወርጄ እጄን ዘረጋሁ። "አምላከ ገብርኤል፣ ኢየሉጣን ከነልጇ ያወጣህ፣ በመልአክህ ቀን እናቴን አትውሰድብኝ!" ጮኼ ነው የጸለይኩት። ማን ሰማኝ አላልኩም።

"እህቴ፣ ምን ሆናችሁ?" አለኝ አንድ ድምፅ። በአማርኛ።

ከኋላችን ከቆመው ትልቅ የጭነት መኪና የወረደ ወጣት ነው። እማዬን አቅፎ ወሰዳት። መኪናው መኝታ አለው፣ ሞተሩ ጠፍቶም የሚሠራ ማቀዝቀዣ አለው፣ ትንሽ ፍሪጅም አለው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለን በብብቷና በአንገቷ ሥር አደረግንላት። መድኃኒቱን ፍሪጅ ውስጥ ከተተው። ትራክ የሚነዳ ሐበሻ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያ ሁሉ መኪና ተሰልፎ፣ ከኋላችን እሱ እንዲቆም ያደረገው ማን ነው? እኔ የላከውን አውቃለሁ።

እማዬ ዓይኗን የገለጠችው እዚያ አልጋ ላይ ነው። ልጁን አየችው። "ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?" አለች።

"የእርስዎ ነኝ፣ እናቴ" አላት። አለቀስኩ።

ሲመሽ ፖሊሶች ትንንሾቹን መኪኖች ወደ ባርስቶው መለሱን። ነዳጅ ሞልተን፣ በኒድልስ በኩል ዞረን ሌሊት ቬጋስ ገባን። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት። ደሟ ተመረመረ፤ ልቧም ኩላሊቷም ደህና ነው ተባለ። በዚያች ከተማ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ሳይቀር የቁማር ማሽን አለ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት በዚያ ሌሊት ብቻቸውን ማሽኑ ፊት ተቀምጠው ነበር። እማዬ ራሷ ገና እየተንገዳገደች ቆማ አማተበችላቸው። ጠዋት ለክርስትናው ደረስን። ከታክሲና ከሆቴል የሌሊት ሥራ ወጥተው እንቅልፍ ሳያዩ የመጡ ወገኖቻችን ታሪኩን ሲሰሙ በእልልታ ቤቱን ሞሉት።

ለካ እማዬ ነፍሷን ከመሳቷ በፊት ተስላ ኖሯል። ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ቁልቢ ወጥታ ጃንጥላዋን አስገባች። የዚያን ልጅ የክርስትና ስምም ይዛ ሄዳ አስጸለየችለት። የአምላከ ገብርኤል ስሙ ይክበር ይመስገን።