የመጣችበት ዱካ

የምሠራው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኝ አንድ የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ከሥራዎቼ አንዱ አዳኞች የሚያመጡትን የፑማ ቆዳ መርምሮ መለያ ማኅተም ማሰር ነው። ፑማ በዚህ አገር የተራራ አንበሳ እየተባለ የሚጠራው፣ ጎፈር የሌለው፣ እንደ አንበሳ በመንጋ ሳይሆን ብቻውን የሚኖር አውሬ ነው። በግዛታችን ፑማ የገደለ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ፣ ቆዳውንም የፆታው ማረጋገጫ የሆነው ብልት ሳይነጠል ካሳወቀ በኋላ በ5 ቀን ውስጥ አቅርቦ ማኅተም ማሳሰር አለበት። እኛም ዕድሜውን ለማወቅ አንዲት ትንሽ ጥርስ እናወጣለን።

በረዶ በጣለ ሰሞን አንድ ጎልማሳ አዳኝ የሴት ፑማ ቆዳ ይዘው መጡ። ያደኑት ያለ መሪና ያለ ውሻ፣ ብቻቸውን ነበር። ሌሊት በጣለው በረዶ ላይ አዲስ ዱካ አግኝተው ጥቂት ከተከተሉ በኋላ፣ ጀርባቸውን ለትልቅ ቋጥኝ ሰጥተው ተቀመጡና የአጋዘን ግልገል ጩኸት የሚያስመስል ፊሽካ ይነፉ ጀመር። ፑማ ወደ ጥሪ የሚመጣው በዝግታና በድብቅ ስለሆነ ብዙዎች ታክቷቸው ይነሣሉ፤ እርሳቸው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ታግሠው ጠበቁ። በመጨረሻ ከጥሻው ወጥታ ለአፍታ ቆም ስትል ተኮሱ። ፈቃዳቸው የጸና፣ የሞሉት ቅጽም የተሟላ ነበር።

ቆዳውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ ስዘረጋው ግን የሆዷን ጠጉር አየሁ። በጡቶቿ ዙሪያ ጠጉሩ ተመልጦ ክብ ክብ ሠርቷል፤ ጫፎቹም አብጠውና ጠቁረው ነበር። አንዱን በጣቴ ጫን ባደርገው ወተት ወጣ። አዳኙ አጠገቤ ቆመው ያዩ ስለነበር ማስረዳት አላስፈለገኝም። «ብቻዋን ነበረች፤ ከመተኮሴ በፊት ዙሪያዋን ሁሉ አይቻለሁ» አሉኝ፤ አመንኋቸው። «የመጣችበትን ዱካ ወደ ኋላ ተከትለው አይተው ነበር?» ብዬ ስጠይቃቸው ዝም አሉ፤ ከዚያም ቦታውን ሊያሳዩን ራሳቸው ጠየቁ።

የሥራ ባልደረባዬና እኔ በዚያው ከሰዓት አብረናቸው ሄድን። በረዶው ገና ስላልቀለጠ ዱካዋን ወደ ኋላ መከተል አላስቸገረንም፤ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር በቅጠልና በአፈር የተሸፈነ የአጋዘን በድን አገኘን። ፑማ የገደለውን እንዲህ ሸፍኖ እየተመላለሰ ይበላል። በበድኑ ዙሪያ ያለው በረዶ በትንንሽ ኮቴዎች ተረጋግጦ ነበር። እናትየው ደቦሎቿን እዚያ ትታ ወደ ፊሽካው ጩኸት የሄደችው ምናልባት ለእነርሱው የሚሆን ተጨማሪ ምግብ ፍለጋ ነበር። ከጽሕፈት ቤቱ ጋር የሚሠራ አንድ ባለ ውሻ ተጠርቶ መጣ፤ ውሻው በገመድ እንደታሰረ ደቦሎቹ የተሸሸጉበትን የድንጋይ ክምር አሳየን። ሁለት ነበሩ። አንደኛውን ያዝነውና ኋላ ወደ መካነ እንስሳት ተላከ፤ ሁለተኛው ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ ዘልቆ አመለጠን። በማግሥቱ ስንመለስ አዲስ በረዶ ሁሉንም ሸፍኖታል። በዚያ ዕድሜ ያለ ደቦል ያለ እናቱ ክረምቱን ይወጣዋል ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

አዳኙ ያፈረሱት ሕግ የለም። ሕጉ የሚከለክለው ነጠብጣብ ያላቸውን ደቦሎችና ከእነርሱ ጋር የምትሄድን እናት መግደልን ነው፤ ነገር ግን እናትየው ለአደን ስትወጣ ልጆቿን ደብቃ ስለምትሄድ፣ ብቻዋን የታየች ሁሉ ልጅ የላትም ማለት አይደለም። ፑማ በማንኛውም ወቅት ሊወልድ ይችላል፤ ደቦሎቹም ከአንድ ዓመት በላይ ከእናታቸው ጋር ይቆያሉ።

እዚህ ላይ በውሻ የማደን ነገር ይነሣል። የዋሽንግተን ሕዝብ በ1996 እ.ኤ.አ. በሰጠው ድምፅ ፑማን በውሻ ማደን ከልክሏል፤ ጎረቤቷ የኦሪገን ግዛት በ1994 እ.ኤ.አ. ቀድማለች። ውሻ ያሳደደው ፑማ ዛፍ ላይ ወጥቶ ስለሚቆይ፣ አዳኙ ከሥር ሆኖ ወንድ ይሁን ሴት፣ ጡቷ ያበጠ ይሁን አይሁን ለማየት ጊዜ ያገኛል። ወንዱ ከጅራቱ በታች ጥቂት ጣት ዝቅ ብሎ ጥቁር ክብ ጠጉር ስላለው መለየቱ ያን ያህል አይከብድም። ያለ ውሻ ያደነ ሰው ግን ያለው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ክልከላው ይነሣ ማለቴ አይደለም፤ ውሻው ይሰጥ የነበረውን ጊዜ አዳኙ ከሌላ ቦታ ማግኘት እንዳለበት ለማሳየት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የደጋ አጋዘን ለማደን የሚመጣ የውጭ አገር ሰው ፈቃድ ያለው ባለሙያ አዳኝና የመንግሥት ስካውት አብረውት ይወጣሉ፤ «ይህቺ ሴት ናት፤ አትተኩስ» የሚል ሰው ከጎኑ አለ። በዋሽንግተን ተራራ ላይ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ይህን የሚለው የለም።

ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ለሚያድኑ ሰዎች የምነግራቸው ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው። አዲስ ዱካ ሲያገኙ መጀመሪያ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ይከተሉት፤ ትንንሽ ኮቴ አብሮ ካለ፣ ወይም ዱካው የተሸፈነ በድን ወዳለበት ካደረሳቸው፣ ያንን ሸለቆ ይተዉት። የኮቴውን የተረከዝ አሻራ ይለኩ፤ የኋላ እግሩ ተረከዝ ስፋት ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። በረዶ ከሌለና ዱካ የማይታይ ከሆነ፣ በጥሪ የመጣን ፑማ ፆታውን ሳይለዩ አይተኩሱ፤ ሳይለዩት ከሄደም ይሂድ። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ኮሎራዶ የፑማ ፈቃድ ለሚገዛ ሰው ፆታ መለየትን የሚያስተምር ኮርስና ፈተና ግዴታ አድርጋለች። እኛም ጋ ይኸው እንዲሆን ሐሳቡን በጽሑፍ ለአለቆቼ አቅርቤያለሁ፤ አዳኙም ያዩትን ጽፈው ከእኔ ደብዳቤ ጋር አያይዘውታል።