ሐምሌ 19፦ በማስታወቂያ ሰበብ

ዛሬ ሐምሌ ገብርኤል ነው። ሰፈርተኛው ነጠላውን አጣፍቶ ከሌሊት ጀምሮ ወጥቷል። እኔ ደግሞ ጠዋቱን የፈጀሁት በዚሁ ቀን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 1942፣ ዳካው በሚባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ በመርፌ ስለተገደሉ አንድ የካቶሊክ ካህን ሳነብ ነው። አባ ቲቱስ ብራንድስማ ይባላሉ። ኔዘርላንዳዊ የቀርሜሎስ መነኩሴ፣ የናይሜኸን ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር፣ አንድ ሰሞንም ሬክተሩ ነበሩ።

የሞቱበት ሰበብ ነው እስካሁን ከራሴ አልወጣ ያለው። ማስታወቂያ! ጀርመን አገሪቱን ከያዘች በኋላ፣ በ1941 ማብቂያ፣ የካቶሊክ ጋዜጦች የአገሬውን ናዚ ፓርቲ ማስታወቂያ አናትምም ማለት አይችሉም ተባለ። አባ ቲቱስ የካቶሊክ ጋዜጠኞች መንፈሳዊ አማካሪ ነበሩ። ጳጳሳቱን ወክለው በየከተማው እየዞሩ ለአዘጋጆቹ ፊት ለፊት ነገሯቸው፦ ብትቀጡም፣ ጋዜጣው ቢዘጋም አታትሙ። አሥራ አራት አዘጋጆች ጋ እንደደረሱ ጥር 19 ቀን 1942 ተያዙ።

ጋዜጣ ቤት የሠራ ሰው የዚህን ክብደት ያውቀዋል። እኔ በነበርኩበት ቤት የማስታወቂያ ክፍሉ ኃላፊ «ይሄ ደንበኛ ከቀረ የወር ደመወዝ የለም» ካለ ነገሩ አለቀ፤ የፊት ገጽ ዜና ተነስቶ በምትኩ የሳሙና ሥዕል ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዜና፣ ለርእሰ አንቀጽ የታሰረ ሞልቷል። ለማስታወቂያ ብሎ አንገቱን የሚሰጥ ማን አለ? እሳቸው ግን ጋዜጣ ገንዘብ ተቀብሎ ያወጣውም ቃል የራሱ ቃል ነው ባይ ነበሩ። ልክ ናቸው።

ሽቬኒንገን እስር ቤት ሳሉ መርማሪው፣ ሕዝባችሁ ይህን ፓርቲ ለምን ይቃወማል፣ በጽሑፍ አስረዱ አላቸው። ምክንያቱን አንድ በአንድ ጻፉለት። መዝጊያው ላይ ግን እግዚአብሔር ኔዘርላንድስን ይባርክ፣ ጀርመንንም ይባርክ አሉ። እኔ ብሆን ሁለተኛዋን እዘላት ነበር። መቼም ሰው ነኝ።

ዳካው የገቡት በሰኔ ነው፤ 61 ዓመታቸው ነበር፣ ጤናም አልነበራቸውም። ድብደባውና ረኀቡ ብዙም ሳይቆይ የካምፑ ሕክምና ክፍል አስገባቸው። መርፌውን ለወጋቻቸው ነርስ መቁጠሪያቸውን ሰጧት። መጸለይ አልችልም አለቻቸው። ሁሉን ባትችይ «ለእኛ ለኃጢአተኞች ለምኝልን» የሚለውን ብቻ በይ አሏት። (እኛ አገር «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ተብሎ የሚጀመረው ጸሎት መሆኑ ነው፤ በዛሬው ቀን!) ይህን ያወቅነው ከራሷ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ጉዳያቸውን ስትመረምር ቀርባ መስክራለች።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ግንቦት 15 ቀን 2022 ቅድስናቸውን አወጁ። የጋዜጠኞች ጠባቂ ቅዱስ ይሁኑልን ብለው የጠየቁ ጋዜጠኞችም አሉ። እኔን ቢጠይቁኝ መጀመሪያ ለማስታወቂያ ክፍሉ ነበር የምሰጣቸው።