ጥሬ የአሳማ ሥጋ ለውሻ፣ የበጉስ ሳንባ?

ከሱፐርማርኬት የተገዛ የአሳማ ሥጋ በጥሬው ለውሻ ይሰጥ ወይ? አይሰጥ፤ ይቀቀል። አንዱ ምክንያት ትሪኪኔላ የሚባለው ትል ነው። የትሉ እጭ (ገና ያላደገው ትል) የአሳማው ጡንቻ ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ በዓይን አይታይም፣ ሥጋውም በእሱ ምክንያት አይሸትም። ውፍረቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ የአሳማ ሥጋ በ-15 ዲግሪ 20 ቀን ከከረመ ትሉ ይሞታል፤ ግን መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቤት ፍሪዘሩ 20 ቀን ሳያሟሟ መቆየቱን ማን ይቆጣጠራል? ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ደግሞ ከነጭራሹ ቅዝቃዜ አይገድለውም። አውየስኪ የሚባለው የአሳማ ቫይረስ ባለበት አገር ጥሬውን የበላ ውሻ ራሱን እስኪቦጫጭቅ ያሳክከውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። የሥጋው መሃል 71 ዲግሪ ከደረሰ ይህ ሁሉ ስጋት ያበቃል።

መሃል አዲስ አበባ ላይ ግን የአሳማ ነገር የጥቂት ቤት ጥያቄ ነው። የብዙው ቤት ጣጣ በበዓል ቀን ነው የሚመጣው። በጉ ልደታ ኮንዶሚኒየም ኮሙናሉ ጋ ወይም አራት ኪሎ ግቢ ጥግ ላይ ይታረድና ሳንባው በትኩሱ ለውሻ ይወረወራል። ቄራ ቢታረድ ኖሮ መርማሪ አይቶ የታመመውን ሳንባና ጉበት ያስወግደው ነበር፤ ቤት ውስጥ መርማሪው እናንተ ናችሁ።

ሳንባውን በጣት ጫን ጫን እያደረጋችሁ ዳብሱት። ጤነኛው እንደ ስፖንጅ ገባ ብሎ ይመለሳል። ነጣ ያለ፣ ጠንከር ብሎ የተወጠረ እብጠት ካጋጠማችሁ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊሆን ይችላል፤ ከአተር እስከ ብርቱካን ያህላል፣ ጉበት ላይም ይወጣል። እንዳትበሱት፣ ውሃው ይፈናጠራል። ውስጡ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚዘቅጠው ነገር እያንዳንዱ ፍሬ የትል ራስ ነው፤ ውሻ አንጀት ሲደርስ እያንዳንዱ ራስ አንድ ትል ሊሆን ይችላል። ትሉ ከ3 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሺህ ቢሆንም ውሻው ምንም አይመስልም፤ ይበላል፣ ይፈነጫል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጅ ደባብሶት እጁን ሳይታጠብ ሲጎርስ፣ ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። አልኮል እንቁላሉን አይገድለውም፤ በሳሙናና በወራጅ ውሃ መታጠብ ነው።

(ከጥሬ ሥጋ የሚይዘን ኮሶ ሌላ ነው፤ የዚያ ማደሪያ ሰው እንጂ ውሻ አይደለም። ሞራው ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው ጥርት ያለ የውሃ ከረጢት ደግሞ የሌላ የውሻ ትል ነው፤ እሱንም በጥሬው አትስጡ።)

አቀቃቀሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሳንባ አየር ስላለው መንሳፈፉን ረስቶ ነው። ሙሉውን ድስት ውስጥ ከጣላችሁት ታቹ ይበስላል፣ ላዩ ጥሬ ይቀራል። ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ክተፉት፣ ሳህን ደፍታችሁ ውሃው ውስጥ አስጥሙት፣ በየመሃሉ አገላብጡት። የሚመከረው 30 ደቂቃ ሲሆን የሚቆጠረው ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እኔ 40 ደቂቃ አድርጉት እላለሁ። እብጠት ያለበትን ግን ለውሻ አትስጡ፤ ግቢ ካለ በጥልቀት ይቀበር፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ተቀቅሎ፣ በላስቲክ ታስሮ ይጣል።

ጨው፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት አይገባበት፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ የወጥ ትራፊም ለዚሁ አይሆንም። የአሳማውን ስብ ግፈፉ፣ የበሰለ አጥንት አውጡ፤ ሲሰበር ስለት ነው።

እስከዛሬ ጥሬ ሲበላ ለኖረ ውሻ የትል መድኃኒት ስትገዙ ፕራዚኳንቴል መኖሩን ማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ አልቤንዳዞል ለዚህ የሳንባ ከረጢት ትል አይበቃም። የፕራዚኳንቴል መጠኑ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 100 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ጥሬ የሚያገኝ ከሆነ በየ6 ሳምንቱ ይደገም፤ ትሉ እንቁላል መጣል ለመጀመር የሚፈጅበት ጊዜ ያህል ነውና። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ ከሰጣችሁ በኋላ ለሦስት አራት ቀን ውሻውን አስራችሁ ዓይነ ምድሩን በጓንት እየሰበሰባችሁ አቃጥሉት ወይም ቅበሩት።