አራት ጣት ከፍ

ጉልበቴን ማመም የጀመረኝ ከጥምቀት በኋላ ነው። መጀመሪያ ንቄ ተውኩት። ቆይቶ ደረጃ ስወርድ ይወጋኝ ጀመር፤ ከፊት ለፊት፣ ከሎሚው ሥር። እናቴ "ብርድ ነው" ብላ ቅባት ቀባችኝ። መሥሪያ ቤት ያሉት ልጆች "ዕድሜ ነው" ብለው ሳቁብኝ። ገና 34 ዓመቴ ነው እኮ! ሳይክሌን ግን ማንም አልጠረጠራትም፣ እኔም ጭምር።

የምኖረው አባይ ማዶ ነው። ጠዋት ጠዋት በአዲሱ ድልድይ ተሻግሬ ሥራ እገባለሁ። በ2016 ከተመረቀ ወዲህ መንገዴ እሱ ነው፤ 380 ሜትር ነው፣ ለሳይክል የተለየ መስመር አለው፣ ቁልቁል አባይን እያዩ መሄድ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳ ነች። ዳገት ካማረህ ወደ ቤዛዊት መውጣት ነው እንጂ ከተማ ውስጥ አታገኝም። ስለዚህ ሁሉም ይነዳል፤ ተማሪው፣ ነርሷ፣ ዶሮ አንጠልጥሎ ከገበያ የሚመለሰው አባወራ። ግን ሳይክል ልክ አላት ብሎ የሚያስብ አላየሁም። ጫማ ለመግዛት አራት ሱቅ የምንዞር ሰዎች ሳይክል ላይ እንደመጣች ነው የምንወጣው።

የኔዋ ያገለገለች ናት። የገዛኋት ቀን ያዘዝኩት ነገር ቢኖር ኮርቻው ዝቅ እንዲል ብቻ ነው። ሁለቱም እግሬ ሙሉ በሙሉ መሬት ካልረገጠ አልነዳም አልኩ። ይኼ ፍርሃት ከልጅነት የመጣ ነው። በኪራይ ሳይክል ነው የተማርነው፤ የአዋቂ ሳይክል፣ ለኛ ቁመት ተራራ የሆነ። ብረቱን መሻገር ስለማንችል እግራችንን በመሃሉ አሾልከን፣ ጎብጠን፣ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየነዳን። ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ ክርኔ ይመስክር።

አንድ ቀን ጎማዬ ተነፈሰና ዛፍ ሥር የሚሠራ ልጅ ጋ ወሰድኩት። ካላማዳሪውን አውጥቶ ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ ቀና ሳይል "እህቴ፣ ጉልበትሽን አያምሽም?" አለኝ።

ደነገጥኩ። ጠንቋይ መሰለኝ።

"እንዴት አወቅህ?"

"ባለፈው ስታልፊ አየሁሽ። ጉልበትሽ መሪውን ሊመታ ነው እኮ!"

ጥገናውን ሲጨርስ ኮርቻው ላይ አውጥቶ ግድግዳ አስደገፈኝ። "ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ፣ ፔዳሉን እስከ ታች አውርጂው።" አወረድኩ። ጉልበቴ ገና ግማሽ መንገድ ላይ እንደታጠፈ ነው። ልኩ፣ ተረከዝ ፔዳሉ ላይ ሆኖ እግር ቀጥ የሚልበት ነው አለኝ። ከዚያ እንደ ወጉ በእግር መዳፍ ፊት ሲረገጥ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይላል፤ ያቺ ትንሽ እጥፋት ነች የምትፈለገው። ኮርቻ ሲያንስ በጣም በታጠፈ ጉልበት ስለምንገፋ ጫናው ከፊት ሎሚው ላይ ያርፋል። ሲበዛ ደግሞ እግር ስለሚንጠራራ ከኋላ ይይዛል። ብሎኑን ፈታ፣ ኮርቻውን ሳብ አደረገ። አራት ጣት! አራት ጣት ሙሉ ከፍ አለ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሞት ነበሩ። መብራት ላይ መቆም ራሱን የቻለ ጭንቀት ሆነ። ዘዴው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ አለመቆም ነው፤ ፍሬን ስይዝ ከኮርቻው ወደ ፊት ወርጄ አንድ እግር መሬት ማድረግ። ሦስተኛው ቀን ላይ ለመድኩት።

በአራተኛው ቀን ደግሞ ኮርቻው በራሱ ጊዜ መውረድ ጀመረ። ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ። ብሎኑን ቢያጠብቁት ወይ ፍንክች። ልጁ አይቶ ሳቀ። ለካ የኮርቻው ብረት ከሚገባበት ቧንቧ በፀጉር ያህል ይቀጥናል፤ የቀድሞው ባለቤት የማን ሳይክል ብረት እንደሰካበት እንጃ። ባዶ የለስላሳ ቆርቆሮ አንስቶ በመቀስ ሰነጠቀ፣ እንደ ሪባን ያለ ቁራጭ አወጣ፣ ብረቱ ላይ ጠቅልሎ መልሶ ከተተው። ይኸው እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። በነገራችን ላይ ብዙዎቹ ብረቶች ላይ የተቀረጸ መስመር አለ። መስመሩ ከቧንቧው በላይ ከታየ ከመጠን በላይ ተስቧል ማለት ነው፣ ይሰበራል።

ከሁሉም የገረመችኝ ግን አንዲት ብሎን ነች። እጄ ትንሽ ነው፤ የፍሬን እጀታው ጋ ለመድረስ ሁልጊዜ ጣቶቼን እንደ ፒያኖ ተጫዋች እዘረጋለሁ። ድልድዩ ላይ ነፋስ ሲኖር ያስፈራል። እጀታው ሥር፣ ከመሪው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ብሎን ተቀምጣለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያት ጌጥ ትመስለኝ ነበር። ልጁ በትንሽ መፍቻ ሦስት ዙር ሲያስገባት እጀታው ወደ መሪው ተጠጋ። የፍሬኑ ካቦ (ሽቦው) ስለላላ ጫፉ ላይ ያለችውን ድብልብል በእጁ እያዞረ ወጠረው። አለቀ። ሂሳብም አልተቀበለኝም። ሁለት ዓመት ጣቴን ስዘረጋ የኖርኩት ለሦስት ዙር ነው!

ካቦ፣ ዳዶ፣ ካላማዳሪ፣ ፍሬን፤ ስሙን ሁሉ ጣልያን ነው ትቶልን የሄደው። ኮርቻ ግን የኛ ነው፣ ከፈረስ የወረደ። አያቴ ፈረሰኛ ነበሩ። እርካባቸውን ሌላ ሰው ከነካባቸው ለቁመታቸው እስኪያስተካክሉ ድረስ አይወጡም ነበር ይባላል። እኛ ኮርቻውን ወረስንና መለካቱን ረሳነው።

ያው ልብ አገኘሁና ፔዳሉን ራሴ ልቀይር ብዬ ተነሳሁ። የቀኙ በሰላም ተፈታ። የግራውን ግን በጉልበትም በስድብም አልሆነልኝም፤ መፍቻው ላይ ቆሜበታለሁ። ለካ የግራው ጥርስ ግልባጭ ነው፣ አለዚያ ስንነዳ በራሱ ይላላል። እኔ ስፈታ የመሰለኝ ሳጠብቅ ነው የዋልኩት። በስንት መከራ በረጅም ቧንቧ ተፈታ። አሁን አንድ ነገር ይዣለሁ፦ መፍቻውን ከላይ ይዞ ወደ ኋላ ጎማ መጎተት፣ በሁለቱም በኩል ያው ነው።

ፋሲካ ሲደርስ ደረጃ እየሮጥኩ እወርድ ነበር። የሁሉም ሰው ጉልበት በኮርቻ ይድናል አልልም፣ ሐኪም የሚፈልግ አለ። የኔ ግን ይኼው ነበር።

በበዓሉ ማግስት አባቴ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ጥቁሯን ፎኒክስ ሳይክሉን ዛሬም ይነዳል። ኮርቻው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ሳልጠይቀው ለካሁ፣ ሦስት ጣት ከፍ አደረግኩ፣ ልኩን እንዳይጠፋ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩበት። ወጣ። እስከ ጥጉ ሄዶ ተመለሰና ወረደ።

"ቀሎኛል፣ ውሸት የለም" አለ። "ግን ሰላም እንዴት ልበል?"

አልገባኝም ነበር። ከዚያ ሲነዳ ታየኝ፤ በየሃያ ሜትሩ ይቆማል፣ ሁለቱንም እግሩን መሬት ላይ ይተክላል፣ ባርኔጣውን ያነሳል፣ የሰዉን ልጅ የከብቱን ሳይቀር ይጠይቃል፣ ከዚያ ይነሳል። መፍቻውን መልሼ አመጣሁና ኮርቻውን ዝቅ አደረግኩለት። እሱም ላይ ቀይ መስመር ሠራሁበት። አሁን ሁለት መስመር አለው።