እጄ የለመደው አስር ሺህ

በ2013 መስከረም ብሩ ሲቀየር እኔ ባንክ ውስጥ የገንዘብ መስኮት ላይ ነበርኩ። ካሸር የነበረ ሰው ይህችን ብቻ ሰምቶ ያዝንልኛል።

ሰልፉ ከበራችን ተነስቶ ጥጉን ይዞ ይታጠፋል። ሰው ሁሉ ማስክ አድርጓል፣ ከዓይን በስተቀር የሚታይ የለም። አሮጌው 10፣ 50 እና 100 ብር ይገባል፣ አዲሱ ይወጣል። እሱስ ባልከፋ። የጎዳኝ ባለ 200 ብሩ ነው። አንድ እስር 100 ኖት ነው። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ትልቁ እስር 10 ሺህ ብር ነበር። ዓይኔ አዲሱ ኖት ወይን ጠጅ መሆኑን ያያል፤ እጄ ግን 10 ሺህ ማለትን ለምዷል። አንድ ደንበኛ 10 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ማሰሪያውን ሳልፈታ አንድ እስር አንስቼ ሰጠሁት። 20 ሺህ ይዞ ወጣ።

ይሄን ሰውዬ በክፉ ላስበው አልፈልግም። ግን አስበዋለሁ።

ማታ ሂሳብ ስንዘጋ ሲስተሙ ሌላ ይላል፣ መሳቢያዬ ሌላ። ሦስቴ ቆጠርን። ካሜራ አየን። ደረሰኝ ገልብጠን ሰውዬውን ገመትንና ደወልን። «የተቀበልኩት ልክ ነው» ብሎ ዘጋው። ደግመን ስንሞክር ስልኩ ጠፍቷል።

ተቆጣጣሪያችን ሁላችንም የምንወደው ሰው ነበር። አለቃ ሆኖ «አንተ» የምንለው እሱን ብቻ ነው። ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አታልቅሺ። ዛሬ ሙሉ ነው ብለን እንዝጋው። ነገ ሰውዬው ህሊናው ወቅሶት ይመጣል። ካልመጣ ያኔ እናስብበታለን» አለኝ። በዚያች ሰዓት ከእሱ የተሻለ ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

ካዝናው ግን የሚቆለፈው በሁለት ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ያለው ሥራ አስኪያጇ ጋ ነው።

እሳቸውን እንፈራቸዋለን። ሲስቁ ያየ የለም። ገቡ፣ ቆጠራውን አዩ፣ «ስንት ነው የጎደለው?» አሉ። ተቆጣጣሪው ነገሩን ሊያለሳልስ ሞከረ። አልሰሙትም፤ እኔን ነው የሚያዩት።

«10 ሺህ» አልኩ።

«በስምሽ ይመዘገባል።»

ከደመወዜ በላይ ነው። ኢንደምኒቲ ብለው፣ ገንዘብ ቢጎድልብን መሸፈኛ እንዲሆን በየወሩ የሚሰጡን አበል የዚህን ጅራት አትነካም። እንባዬ መጣ። «እርስዎ ቢያግዙኝ ምን ነበረበት?» አልኳቸው። ከየት አምጥቼ እንደተናገርኩት አላውቅም።

«እያገዝኩሽ ነው» አሉ።

የሚያላግጡብኝ መሰለኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ ቤት ገብቼ፣ አልጋ ላይ ሆኜ ይህችን ቃል አመነዠኳት። እያገዝኩሽ ነው! እንዲህ ያለው እርዳታ ለጠላቴም አይሁን።

በማግስቱ መጋዘን ወይም ጓዳ ይወረውሩኛል ብዬ ስጠብቅ እዚያው መስኮት ላይ መለሱኝ። ለውጡ አንድ ብቻ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ራሳቸው መጥተው «ተነሺ፣ ምሳ ብዪ» አሉኝ። ለካ ከብር ቅያሬው ጀምሮ ምሳ የሚባል ነገር ረስተን ነበር። ስለ ብሩ ዳግመኛ አንስተውብኝ አያውቁም። ሠራተኛ ፊትም፣ ብቻዬንም።

ታሪኩ እንዲያምር በሦስተኛው ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ድንገተኛ ቆጠራ መምጣት ነበረበት። አልመጣም። ደብቀነው ቢሆን ማንም አያውቅም ነበር። ሰውዬውም አልመጣም። በየወሩ አንድ አንድ ሺህ እየተቆረጠ 10 ወር ከፈልኩ።

ተቆጣጣሪው በየቡናው «ልጅቷን ላድናት ነበር፣ እሷ ናት ያስበላቻት» ይል ነበር። ያን ምሽት ለመዝጊያው ፊርማ የተዘጋጀው ቦታ ላይ የእኔ ስም እንጂ የእሱ እንዳልነበረ ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ ደግነቱ ሁልጊዜ በሰው እጅ ነው የሚፈርመው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ለዕድገት ስወዳደር ፋይሌ ወጣ። እሳቸው ያን ቀን የጻፉት ማስታወሻ ውስጡ አለ። ጉድለቱ በእኔ ስም ነው። ከሥር ግን ሌላ አንቀጽ አለው፦ ሠራተኛዋን ያለ ምሳ እረፍት ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት ላይ ያቆየኋት እኔ ነኝ፤ አዲሱ ኖት ሲገባ እስሩ ላይ ምልክት እንዲደረግ አላዘዝኩም፤ ይህ በእኔ ላይ ይያዝ። በዚህ ምክንያት ለእሳቸውም ማስጠንቀቂያ ተጽፎላቸው ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ማስታወሻው ግን ከ10 ሺው ላይ ሳንቲም አልቀነሰልኝም።

አሁን ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንድ አዲስ ልጅ 300 ብር ጎደለበት። መሽቷል፣ ይዘንባል፣ የልጁ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሞላሁለትና ልክ ነው ብዬ ፈረምኩ። «እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። ደስ አለኝ። ቤት እስክደርስ ድረስ።

እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል። በዓል በመጣ ቁጥር እደውላለሁ። ለእንቁጣጣሽ ስደውል፣ ስለ ልጆቹ ጠይቀውኝ ሲያበቁ፣ «ሂሳቡስ እየገጠመ ነው?» አሉኝ። እንደ ቀልድ ነው።

«እየገጠመ ነው» አልኳቸው።